ሪኮሉ ያልተሠራለት ያገለገለ ቅንጡ ኤስዩቪ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው። እህቴ ከአምስት ወር በፊት ያገለገለ ቅንጡ ኤስዩቪ ገዛች፣ ብራንዱንም ሻጩንም አልጠራም ምክንያቱም ሙግቴ ከአሠራሩ ጋር ነው። መኪናው ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ጣሪያው መስታወት፣ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ አይሰማም። በሁለተኛው ሳምንት ልጇን የኋላ ወንበር ላይ ስታስር ቤንዚን ሸተታት፣ ነዳጅ ስሞላ ልብሴ ላይ ነክቶኝ ይሆናል ብላ ተወችው። ሽታው ሲደጋገም መካኒክ ጋር ወሰድነው፣ ልጁ ባትሪ ይዞ ከሥር ገባና ከታንከሩ በላይ ያለውን ቱቦ አሳየን፣ ሌላው ቦታ አቧራው ደረቅ ነው እዛጋ ግን ረጥቦ ጥቁር ሆኗል። ከዛ ሻንሲ ቁጥሩን አስገብተን ስናይ ለዚሁ ቱቦ ሪኮል፣ ማለትም መኪና ሠሪው ጉድለት አለበትና አምጡ በነፃ ልሥራው ብሎ የሚያወጣው ጥሪ፣ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል! በነፃ ይቀየር ነበር፣ የወሰደው ሰው ግን የለም። ሻጩን ስንጠይቀው "አልደበቅኳችሁም፣ እናንተም አልጠየቃችሁኝም" አለን።
እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ሪኮሉ ያልተሠራለትን መኪና መሸጥ በሕግ ይከልከል ወይስ ገዢው ራሱ ያጣራ? እኔ ይከልከል ባይ ነኝ።

ነጋዴው፦
እህቴ እንኳን በሰላም ተረፋችሁ። እኔ ያገለገለ መኪና በመሸጥ ነው ምኖረው፣ የኔንም ወገን ስሙልኝ። ይከልከል ስትሉ ሪኮልን ሁሉ አንድ እያረጋችሁ ነው። የጎማ ንፋስ ልክ የተጻፈበት ስቲከር ሲሳሳትም ሪኮል ይወጣል፣ ኤርባግ ሰው ሊገድል ሲችልም ሪኮል ይወጣል። ደሞ ሁሌ ዕቃው አለ ያለው ማነው? ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ጉድለት በተገኘበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ኤርባግ ነው ይቀየር የተባለው፣ ፋብሪካ ያን ሁሉ ባንዴ ከየት ያመጣል፣ ሰው ተመዝግቦ ስንት ወር ነው የጠበቀው። ያኔ ክልከላ ቢኖር ባለቤቱ ለኛ መሸጡን ትቶ በቀጥታ ለግለሰብ ይሸጠዋል፣ ግለሰቡን ደሞ የሚቆጣጠረው የለም፣ መኪናው ሪኮሉን እንደተሸከመ መንገድ ላይ ይቀጥላል ማለት ነው።

መካኒኩ፦
ሁለታችሁም ሪኮል ላይ ብቻ ስትከራከሩ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሻንሲ ቁጥሩ ላይ "ያልተሠራ ሪኮል የለም" ሲል ሰው መኪናው ጤነኛ ነው ብሎ ይገዛል። ሪኮል የሚወጣው ለደህንነት ወይ ለጭስ ሕግ ነው፣ ኪስ የሚያራቁተው ብልሽት አብዛኛው ሪኮል የለውም። የቢኤምደብሊው ኤን63 የሚባለውን ቪ8 ሞተር ውሰዱ፣ ኤክስ5 ላይም አለ፣ ሁለቱን ተርቦ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሀል ነው ያስቀመጡት፣ ሙቀቱ እዛው ይታመቃል፣ የቫልቭ ጎማዎቹ ይደርቁና ዘይት መጠጣት ይጀምራል፣ ካቴናውም ይላላል። ኩባንያው በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ለደንበኞቹ የእንክብካቤ ፕሮግራም ብሎ አወጣ እንጂ ሪኮል አላለውም። መርሴዲስም በ2000ዎቹ አጋማሽ ኤም272 በተባለው ቪ6 ሞተር ውስጥ ያለው የባላንስ ዘንግ፣ የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሰው፣ ጥርሱ ቀድሞ ይበላል፣ ኤምኤል350 ላይ የተገጠመው እሱ ነው፣ ጥርሱን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ይሄም ሪኮል የለውም። የመጀመሪያው ፖርሽ ካየን ቪ8 ላይ የውሃ ቱቦዎቹ ፕላስቲክ ነበሩ፣ ከላይ በማይታይ ቦታ ይሰነጠቁና ውሃው ሞተሩ ላይ ይፈሳል።
የአየር ሰስፔንሽን (በስፕሪንግ ፈንታ በአየር ከረጢት የሚቆም) ያለው ከሆነ ደሞ፣ ሬንጅሮቨርም መርሴዲስም ኦዲም፣ ሻጩን ማታ አቁምልኝ ብላችሁ ጠዋት ሳይነሳ ሂዱ። አራቱም ጎማ ላይ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ጣታችሁን አስገብታችሁ ለኩ፣ አንዱ ጥግ ዝቅ ካለ ከረጢቱ አየር ያስወጣል፣ ኮምፕሬሰሩም እሱን ለመሙላት ሲሠራ ነው የሚያልቀው። ሞተሩንም በቀዝቃዛው ራሳችሁ አስነሱት፣ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ኮፈኑን በእጃችሁ ስትነኩት ታውቁታላችሁ፣ ለምን አሞቅከው በሉት። የካቴና ድምፅ የሚሰማው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው፣ ሰማያዊ ጭስም ያኔ ነው ብዙውን ጊዜ የሚታየው።

ጠያቂዋ፦
ይሄን ሁሉ ስላስረዳኸን ከልብ አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን የኔን ነጥብ ነው ያጠናከርክልኝ። ገዢ ዘይትና ጭስ ማየት ይችላል፣ መካኒክም ይዞ መሄድ ይችላል። ሪኮል ግን ብዙ ጊዜ ማንም የማያየው ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2022 መርሴዲስ ከ2004 እስከ 2015 ከተሠሩት ኤምኤል፣ ጂኤልና አር ክላስ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ጠራ፣ ባለቤቶቹንም እስኪታይ አትንዱት አለ። የፍሬን ሰርቮው፣ ፍሬን ስንረግጥ ጉልበት የሚጨምርልን ዕቃ፣ ከውጭ ጎማ ለብሷል፣ በጎማው ሥር ውሃ ይጠራቀምና ብረቱን ዝገት ይበላዋል፣ ጎማው ካልተነሳ ዝገቱን ማንም አያይም። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው የሰው መኪና ኮፈን ከፍቶ የሰርቮ ጎማ ያውልቅ ነው የምንለው? ሌክሰስ ጂኤክስ 460ን ደሞ በ2010 ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት አትግዙት ብሎ ነበር፣ ኩርባ ላይ ድንገት ነዳጅ ሲለቁ ኋላው ይወጣ ነበር፣ ቶዮታ ሽያጩን አቁሞ ሪኮል አወጣ፣ መፍትሔው የኮምፒውተር ፕሮግራም ማስተካከል ነው። ፕሮግራም መሠራቱን በዓይን ማየት አይቻልም፣ የሚያውቀው ሻንሲ ቁጥሩ ላይ ያለው መዝገብ ብቻ ነው።

ሕግ አንባቢው፦
የአሜሪካውን ሕግ ላስገባ፣ ብዙ ሰው በደንብ አያውቀውም። እዛ አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሠራ ለገዢ ማስረከብ ክልክል ነው። ለኪራይ መኪና ግን ክልከላ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2004 ሬቸልና ጃክሊን ሃውክ የሚባሉ እህትማማቾች ሪኮሉ ያልተሠራለት መኪና ተከራይተው ሲሄዱ የመሪ ዘይት ከቱቦ ፈሶ እሳት ተነሳ፣ ሁለቱም ሞቱ። እናታቸው ለዓመታት ታግላ በስማቸው ሕግ ወጣ፣ ከፈረንጆቹ ጁን 2016 ጀምሮ ከ35 በላይ መኪና ያለው አከራይ ሪኮሉ ሳይሠራ ማከራየት አይችልም። ያገለገለ መኪና ሻጭ ግን እስካሁን በፌዴራል ሕግ አልተከለከለም። አንዱን መኪና ለሦስት ቀን ማከራየት ክልክል ሆኖ እሱኑ ለአሥር ዓመት መሸጥ የሚፈቀድበትን ምክንያት እስካሁን ማንም አላስረዳኝም።

ነጋዴው፦
የሃውክ እህትማማቾችን ታሪክ አላውቀውም ነበር፣ ያሳዝናል፣ እውነቴን ነው። ግን አከራዩ መኪናው የራሱ ነው፣ ዛሬ ባያከራየው ነገ ያከራየዋል። እኔ ደንበኛ አሮጌውን ሰጥቶ አዲስ ሲወስድ የተቀበልኩት መኪና የሌላ ብራንድ ሊሆን ይችላል፣ ሪኮሉን መሥራት የሚፈቀድለት ደሞ የብራንዱ ወኪል ብቻ ነው፣ እሱ ተራ ካልሰጠኝ ምን ላርግ?
ደሞ መዝገቡም ሁሉን አያሳይም። የአሜሪካው የሻንሲ ቁጥር ፍለጋ ወደኋላ 15 ዓመት ነው የሚያሳየው፣ ለአንድ አገር ገበያ የተሠራ መኪና ሌላ አገር መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ቅንጡ ኤስዩቪ ደሞ ድንበር ተሻግሮ እጅ ብዙ የሚቀያየር መኪና ነው፣ ደብዳቤው የሚላከው በመዝገብ ላለው ባለቤት ነው፣ ሦስተኛና አራተኛ ገዢ ጋር አይደርስም። እኔም ጋር አይደርስም።

መካኒኩ፦
ስለ አሮጌዎቹ ካነሳህ ዝም ማለት አልችልም። የታካታ ኤርባግ ውስጥ ያለው ፈንጂ አሞኒየም ናይትሬት ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ዓመት ባለፈ ቁጥር ያበላሸዋል፣ ከዛ ሲፈነዳ ከልክ በላይ ይፈነዳና የብረት ቆርቆሮውን ሰብሮ ስብርባሪው ሾፌሩ ፊት ላይ ይመጣል። ማለትም መኪናው ባረጀ ቁጥር አደጋው እየባሰ ነው የሚሄደው፣ የሚሸጠውም ያኔ ነው፣ ዋጋው ሲወርድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ለሚገዛ ልጅ። በ2023 ቢኤምደብሊው የ2000ዎቹ መጀመሪያ መኪኖቹን፣ ኤክስ5ንም ጨምሮ፣ ኤርባጉ እስኪቀየር አትንዷቸው አለ። ነጋዴው ወንድሜ፣ እንዲህ የተባለበትን መኪና ቁልፉን ለሰው ትሰጣለህ?

ነጋዴው፦
አልሰጥም። "አትንዱት" የተባለውን መሸጥ ይከልከል ካላችሁ እኔም ፊርማዬን አኖራለሁ። ለሌላው ግን ሻጭ በሸጠበት ሳምንት ሻንሲ ቁጥሩን ፈልጎ ውጤቱን አትሞ ከውሉ ጋር ያያይዝ፣ ገዢ ፈርሞ ይውሰድ፣ ያልያያዘ ይቀጣ።

ጠያቂዋ፦
ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ግን እህቴ ብትፈርምም ቱቦው ያው መፍሰሱን አያቆምም ነበር። የሷ ሪኮል "አትንዱት" አይልም፣ በናንተ አመዳደብ ይሸጥ ከሚባለው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ቤንዚን ከሕፃን ወንበር ሥር እያንጠባጠበ። እኔ የምለው ዕቃው ካለና ወኪሉ ተራ ከሰጠ ሳይሠራ አይሸጥ፣ ዕቃው ከሌለ ሻጩ ጋር ይቁም። የመቆሙ ኪሳራ ከመኪና ሠሪው ይጠየቅ እንጂ ገዢ ላይ አይወርድ።

ሕግ አንባቢው፦
ከሠሪው ይጠየቅ ያልሽው ነው ዋናው፣ ነጋዴውም ሊቃወመው አይገባም።

ነጋዴው፦
አልቃወምም። ሠሪው እስከሚከፍለኝ ድረስ ግን መኪናው ላይ የታሰረው ብር የኔ ነው፣ እሱን ነው የምፈራው።

መካኒኩ፦
ለመሆኑ የእህትሽ ቱቦ ተቀየረ ወይ? እዛ ደረጃ የደረሰ ከሆነ ውጭ አሳድሩት እንጂ ጋራዥ ውስጥ ዘግታችሁ አታስቀምጡት።

ጠያቂዋ፦
ተቀይሯል ወንድሜ። ወኪሉ ጋር ደውለን በማግስቱ ጠዋት ኑ አሉን፣ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ጠሩን፣ አንድም ነገር አልከፈልንም። አሮጌውን ቱቦ በላስቲክ አርገው ሰጡን፣ ስንጥቁ ከጥፍሬ አይበልጥም።