ክርክር፦ የተሸጠን ዲጂታል ሥራ ሻጩ እንዳሻው ሊለውጠው ይገባል?

ማህደር ጠባቂ፦ አይገባም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) አማዞን ሁለት የደራሲው ጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ከገዢዎች ኪንድል (የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ በርቀት አጠፋ። አቅራቢው የማሳተም መብት አልነበረውም፤ ገንዘቡም ተመልሷል። ሆኖም ሐሰተኛ ቅጂ የሸጠ መጽሐፍ ቤት ሌሊት ቤቴ ገብቶ አይወስድብኝም።

ኮድ ጸሐፊ፦ ወዳጄ፣ ማጥፋትና ማረም ለየቅል ናቸው። የተበላሸ ቪዲዮ ሲከፈት ኮምፒውተሩን ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ቀዳዳ ቢገኝ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ዝማኔ (አፕዴት) ፈቃድ ይጠብቅ? አብዛኛው ሰው "በኋላ" የሚለውን ተጭኖ ያልፋል።

ማህደር ጠባቂ፦ ለማጫወቻው ፕሮግራም ይሁን። ይዘቱን ለምን ይነካል?

አሳታሚ፦ ፈቃድ ስለሚያልቅ ነዋ! በ2018 (እ.ኤ.አ.) ግራንድ ቴፍት አውቶ 4 በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የነበሩ ዘፈኖች የውል ጊዜያቸው ሲያበቃ በዝማኔ ወጡ።

ማህደር ጠባቂ፦ ቀድመው የገዙትም አጧቸው እኮ። ውሉ ሲፈረም "ለተሸጠው ቅጂ ዘላቂ ነው" የሚል አንቀጽ ቢገባበት ይህ አይመጣም ነበር። አንባቢዎች፣ መቅዳትን የሚከለክል መቆለፊያ የሌለው ፋይል ስትገዙ የሻ-256 (SHA-256) አሻራውን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ኮድ፣ መዝግቡ፣ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች አስቀምጡ። አንድ ባይት ከተለወጠ አሻራው ሌላ ይሆናል። ኢፐብ (EPUB) የተባለው የዲጂታል መጽሐፍ ዓይነት ከሆነ፣ ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ያሸገ ዚፕ ስለሆነ ፈትታችሁ የትኛው ምዕራፍ እንደተነካ ማወዳደር ትችላላችሁ። ከሰርቨር (ከሻጩ የኢንተርኔት ኮምፒውተር) ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ቅጂው ብቻውን ዋጋ የለውም። ዘ ክሩ የተባለው ጨዋታ ሰርቨሩ መጋቢት 2024 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ዲስኩ በእጃቸው ያለም መጫወት አልቻሉም።

ኮድ ጸሐፊ፦ አሻራ ለእኛም ይጠቅማል። ልዩነቱን ብቻ የሚያወርድ ዝማኔ የሚሠራው የድሮው ፋይል ቅንጣት ሳይለወጥ ሲገኝ ነው፤ ተጠቃሚው ሞድ (በራሱ የሚያደርገውን ማሻሻያ) ጨምሮበት ከሆነ ይከሽፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የድሮውን አሻራ ማመሳከር፣ አዲሱን በጊዜያዊ ፋይል መጻፍ፣ እሱንም ማረጋገጥ፣ ከዚያ ስሙን ቀይሮ በአሮጌው ቦታ መተካት። በነባሩ ላይ እየጻፉ መብራት ቢጠፋ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይቀራል።

ማህደር ጠባቂ፦ እንግዲያው የድሮውን እትም ከማጥፋት ይልቅ ለሚፈልገው ክፍት አድርጉት።

ኮድ ጸሐፊ፦ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። የድሮው እትም ከእኛ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ዛሬም ትክክል ነው፤ ቀዳዳውም አለ። አጥቂ ወደ እሱ ሊመልሰን ስለሚችል ማሽኑ ከተወሰነ የእትም ቁጥር በታች ያለውን እንዳይቀበል እናደርጋለን። መፍትሔው የማጫወቻውንና የይዘቱን የእትም ቁጥር መለየት ነው፤ ማጫወቻው ወደ ኋላ አይመለስ፣ ይዘቱ ይመለስ።

አሳታሚ፦ አዲስ ማጫወቻ በወጣ ቁጥር አሮጌ ይዘቶችን ሁሉ መሞከር ግድ ይሆናል። ወጪውን ማን ሊሸፍን?

ማህደር ጠባቂ፦ "ግዛ" የሚለውን ቁልፍ ያስቀመጠው። ካልቻለ በካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ሕጉ እንደሚያዝዘው፣ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን ከመክፈላችን በፊት በግልጽ ይጻፍልን።