«ባህላዊ የወንጌል አልበም» የምን ባህል ነው?

ተርጓሚው፦ ስለ አሜሪካው የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት እየተረጎምሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜአለሁ። «የአላባማ ዓይነ ስውራን ልጆች የተባለው ቡድን ከ2002 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በተከታታይ በምርጥ ባህላዊ የሶል ወንጌል አልበም ዘርፍ ተሸለመ።» ረቂቁን ያነበቡት አክስቴ «ታዲያ የደረደሩት በገና ነው ክራር?» አሉኝ። የእንግሊዝኛውን «ትራዲሽናል» «ባህላዊ» ካላልሁት ምን ልበለው?

ፊደል ቆጣሪ፦ አክስትህ አልተሳሳቱም። ባህል የወጣው ከ«ብህለ» ነው፤ አለ፣ ተናገረ ማለት። ግእዙ ለአባባልና ለንግግር ነው የሚያውለው። ክራርና ጥበብ ቀሚስ የተጫነበት በእኛ ዘመን ነው።

የቀበና ልጅ፦ እንግዲያው «ባህላዊ አልበም» በሥሩ ሲፈታ «አልበም ነው አሉ» መሆኑ ነው። ተሸላሚዎቹ እንዳይሰሙ!

ዘዋሸራ፦ ልጆች፣ ቃሉ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሩቅ ትሄዳላችሁ። ትውፊታዊ በሉት። ወፈየ፣ ሰጠ፤ አወፈየ፣ አስረከበ። ትውፊት አባት ለልጁ የሚያስረክበው ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ይህን አይጠይቅም።

ፊደል ቆጣሪ፦ መሪጌታ፣ በአክብሮት፣ «ተወፈየ» ተቀበለ ማለት መሆኑን ለምን ዘለሉት? ትውፊት የተቀባዩ ነው።

ኦርጋን መቺው፦ ሥሩን ለጊዜው ተዉትና ሽልማቱን እዩ። በ1978 የሶል ወንጌል ዘርፍ ለሁለት ሲከፈል በባህላዊው ጄምስ ክሊቭላንድ፣ በዘመናዊው ኤድዊን ሃውኪንስ አሸነፉ። «ባህላዊ» የተባለው «ዘመናዊ» የሚባል ጎረቤት ስለ መጣበት ብቻ ነው። የምታገኙት ሃሞንድ ኦርጋን፣ ጭብጨባና መዘምራን ነው፤ «ሶል» ደግሞ የጥቁሮቹን ዝማሬ ከነጮቹ ለመለየት የገባች ቃል ናት፣ በኋላ ከስሙ ወጥታለች። ድንበሩም ቢሆን ያፈሳል። ለባህላዊ አልበም ለብቻው መሸለም ሲጀመር፣ በ1991፣ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ትራሜይን ሃውኪንስ ነበረች፤ የዚያው የዘመናዊው የኤድዊን ወንድም፣ የዋልተር ባለቤት የነበረችው! እኔ «ነባር» እላለሁ።

ዘዋሸራ፦ «ነባር» የመንደር ነዋሪ ያስመስላል። ክሊቭላንድ በልጅነቱ የዘመረው ቶማስ ዶርሲ በሚመራው የቺካጎ መዘምራን ውስጥ አልነበረምን? ይህ ማስረከብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ራስዎ መሰከሩልኝ። አልበርቲና ዎከር ካራቫንስ የተባለውን የወንጌል ዘማሪዎች ቡድን መሠረተች፣ ሸርሊ ሲዛር እዚያ ገብታ ሙያውን ተቀበለች። ሸርሊ ይህን ሽልማት በ1993ና በ1994 ወሰደች፤ አልበርቲና ያገኘችው በ1995 ነው። የግራሚ ሰዎች እንኳ ተቀባይዋን አስቀድመዋል።

ዘዋሸራ፦ ሸላሚ ቢያዘገይ ሰዋስው አይለወጥም። ትምህርት የሚወጣው ከ«መሀረ» ነው፤ ያስተማረው ነው ባለቤቱ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ከ«ተምህረ» ነው እንጂ! የተማረው ከሌለ ምን ትምህርት አለ?

የቀበና ልጅ፦ ሁለታችሁም ትምህርቱን ስታካፍሉን አመሸን።

ኦርጋን መቺው፦ አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። በ2011 ዘርፉን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈችው የፎክ ዘፋኟ ፓቲ ግሪፊን ናት፤ ያደገችበት ሙዚቃ ግን ይህ አይደለም። ወዲያው ግራሚ 109 ዘርፎቹን ወደ 78 ሲያወርድ ባህላዊውም ዘመናዊውም «ወንጌል» በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። ማን አስረከበ፣ ማን ተቀበለ የሚለውን ክርክር እነሱ በዚህ ገላገሉት።

ዘዋሸራ፦ ስም ማጠፍ መገላገል አይደለም።

ተርጓሚው፦ ጌቶቼ፣ ጽሑፉን ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። ነባር ልበል ትውፊታዊ?

የቀበና ልጅ፦ ማስረከብ ካልህማ «አወፈየ» ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ አርታኢው ሲቀበልህስ? «ተወፈየ»! ከማለዳ ጀምሮ ስል የነበረው ይህንኑ ነው።