ዳስተር 1.5 ዲሲአይ፦ ወደ ጣርማበር ሲወጣ ይለግማል፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። እውነት ቱርቦው ነው?

የጠባሴው (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መኪናው ሬኖ ዳስተር ነው፤ የ2011 ሞዴል (እ.ኤ.አ.)፣ 1.5 ናፍጣ፣ 85 ፈረስ ጉልበት፣ ማኑዋል ማርሽ፣ ዲፒኤፍ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያ) የሌለው፣ 164,000 ኪሎ ሜትር የሄደ። ምልልሱ ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት ነው።

ሸዋሮቢት ሜዳው ላይ ደህና ይሄዳል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዋሻ መውጣት ሲጀምር ግን በሦስተኛ ማርሽ ይለግማል፣ ነዳጅ ሲጨመርለት ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅም አለው። ደብረ ብርሃን ውርጭ ባለበት ጠዋት ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ካልተሞከረ አይነሳም፤ ሲነሳም ነጭ ጭስ አለው። ዘይት አይጎድልም፣ የዘይት መብራትም አልበራም። ጋራዥ የተሰጠው መልስ «ቱርቦው አልቋል» ነው። በኮምፒውተር ሲታይ የማኒፎልድ (አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) ግፊት 720 ሚሊባር አለ፤ መካኒኩ 1000 መሆን ነበረበት ይላል። ቱርቦ ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልይ? ዘይቱንስ በስንት ልቀይር?

ሚሊባር

ቱርቦውን ለጊዜው ተወውና 720ውን እንፍታ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የተነበበ ከሆነ ሴንሰሩ አልዋሸም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የውጭው አየር ራሱ 720 ሚሊባር አካባቢ ነው። 1000 የሚባለው ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። ሸዋሮቢት ወርደህ ብታስነብበው 870 ገደማ ይልሃል፣ ዋሻው አፍ ላይ 690። መካኒክህ በዚህ ቁጥር ብቻ ቱርቦ ካስቀየረህ ከከፍታው ጋር ነው የተጣላው።

ኮምፒውተሩ ላይ የከባቢ አየር ግፊትና የማኒፎልድ ግፊት የሚሉ ሁለት ንባቦች አሉ። ሞተር ጠፍቶ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከ30 ሚሊባር በላይ ከተራራቁ የማኒፎልዱን ሴንሰር ንቀል፤ ጫፉ ላይ በዘይት የላቆጠ ጥላሸት ታገኛለህ። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ እጠበው፣ በሽቦ አትጎርጉረው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጀምሮ ሙሉ ነዳጅ ስጠውና ሞተሩ የጠየቀውንና ያገኘውን ግፊት ጎንህ የተቀመጠ ሰው ያንብብ። የተገኘው ከተጠየቀው በብዙ ካነሰ ወይ አየር ያፈሳል ወይ ቱርቦው አልገፋም።

ፉጨትና ጥቁር ጭስ አብረው ከመጡ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የተቀደደ የአየር ቱቦ ነው። ቱርቦው የገፋው አየር ሲሊንደር ሳይደርስ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ናፍጣው ግን ይመጣል፤ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ሜዳ ላይ የማይታወቀው ሞተሩ ብዙ አየር ስለማይጠይቅ ነው። ከዚያ ላይ ከፍታውን ጨምርበት፦ ቱርቦው ሁለቱም ቦታ 1000 ሚሊባር ቢጨምር እንኳ ሸዋሮቢት ድምሩ 1870 ነው፣ ዋሻው ጋ 1690። ትንሽ ቀዳዳም ዳገቱ ላይ ነው የሚያጋልጥህ።

ፍተሻው ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ከአየር ፊልትሮ ወደ ቱርቦ የሚገባውን ቱቦ ከቱርቦው አፍ ፍታ። ልክ የሚገጥም የፕላስቲክ ክዳን ላይ የጎማ ቫልቭ ሰክተህ አፉን ዝጋና በክላምፕ እሰር። ከ0.5 ባር ሳትበልጥ አየር ስጥ፣ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባ። ዘይት መጨመሪያው በኩል ትንሽ ሽውታ ቢሰማ አትደንግጥ፣ በተከፈተ ቫልቭና በፒስተን ፋሻ የሚያልፍ ነው። አረፋውን የምትፈልገው ኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ታችኛው አፍ ላይ፣ ክላምፑ ሥር፣ ቱቦው ከብረት ጋር በሚፋተግበት ጎን ነው። ስንጥቁ ቱቦው ባዶ ሳለ ተጋጥሞ ስለሚዘጋ በዓይን አይታይም፤ ሲነፋ ነው ከንፈሩን የሚከፍተው። ላስቲኩ በዘይት ርሶ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ክላምፕ ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየር።

ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ኢጂአሩን (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ) ፍታ። ክፍት ሆኖ የደረቀ ኢጂአርም ይህንኑ ጥቁር ጭስ ያመጣል።

ቺንጋና ብሮንዚን

ከላይ ባለው እስማማለሁ። ቱርቦውን ራሱን ለመፈተሽ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የመግቢያውን ቱቦ አውልቀህ የምላጮቹን እምብርት በሁለት ጣት ያዝ። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው፤ ዘንጉ በዘይት ላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግን በእጅ የሚታወቅ መላወስ ሊኖር አይገባም። የምላጩ ጫፍ ቤቱን የፋቀበት ምልክት ካለ አብቅቷል። ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት እርጥበት ማየት ቱርቦ አያስቀይርም፣ የሞተሩ መተንፈሻ የሚያመጣው ነው። ሲገለበጥ የሚፈስ ዘይት ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ይዘህ አትንዳ። ሞተሩ የራሱን ዘይት መጥጦ ቁልፍ ቢጠፋም አልጠፋም ሊል ይችላል። ከሆነ አራተኛ ወይም አምስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን ረግጠህ ያዝ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅና አንቀህ አጥፋው።

ይህን ሞተር የሚገድለው ዘይት ነው። አውሮፓ እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ሳይቀየር ይነዳበት ነበር፤ ቀድመው የወጡት የ1.5 ሞተሮች የኮኔክቲንግ ሮድ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኝ ዘንግ) ብሮንዚን (ሮዱ ክራንክ ሻፍቱን በሚይዝበት ቦታ ያለ ስስ ቅርፊት) በመብላት ስማቸው የጠፋው በዋናነት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ዳገትና አቧራ በየ7,000 ቀይር። ፊልትሮውን ጨምሮ 4.5 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ መጀመሪያ 4 ሊትር ጨምር፣ አስነስተህ አጥፋ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በመለኪያው ዘንግ እያየህ ሙላ። ዓይነቱ 5ደብሊው-40፣ በአውሮፓ የዘይት ደረጃ ኤሲኢኤ ኤ3/ቢ4። የጭነት መኪና 20ደብሊው-50 ርካሽ ነው ብለህ አታድርግ። በደብረ ብርሃን ብርድ ወፍራም ዘይት ቱርቦው ጋ እስኪደርስ የቱርቦው ዘንግ በደረቁ ይሽከረከራል። ዋሻው ጋ ወጥተህ ወዲያው የምትቆም ከሆነም አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፤ የጋለ ቱርቦ ውስጥ የቀረ ዘይት ወደ ከሰል ይለወጣል።

የወጣውን የዘይት ፊልትሮ አትጣል። ቆርቆሮውን ቅደድ፣ ወረቀቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጋና ጭመቅ። የሚያብረቀርቅ ስስ ቅርፊት ካለ ማግኔት አስጠጋው። ማግኔት የማይስበው ከሆነ ብሮንዚን ነው፤ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ አራቱም ሮዶች ይታዩ፣ የሮድ ብሎኖቹም አዲስ ይሁኑ። እንዲያውም 164,000 ላይ ስላለህ ምልክት ሳትጠብቅ ብሮንዚኑን መቀየር ይሻላል ባይ ነኝ።

ታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አገጣጥሞ የሚያሠራው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ዛሬ እንደደረሰ ቁጠረው። በዚህ ሞተር ቺንጋው የውሃ ፖምፓውንና የናፍጣ ፖምፓውንም ያዞራል። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በ80,000 ወይም በ5 ዓመት፣ ከወጣሪውና ከውሃ ፖምፓው ጋር አብሮ ይቀየር። ካምሻፍቱ በ8 ሚሊ ሜትር ፒን፣ ክራንክ ሻፍቱ በራሱ ፒን ታስሮ ነው የሚሠራው፤ በቀለም ምልክት አድርጎ የሚሠራልህ ካለ ወደ ሌላ ሂድ።

ጀሪካን አልወድም

የብሮንዚኑ ነገር ላይ አልስማማም። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ፣ ሞተር ሲነሳ ከታች ማንኳኳት ከሌለ፣ በመለኪያ የተለካው የዘይት ግፊት ደህና ከሆነ ጤነኛ ሞተር አትክፈት። ንጹሕ ቦታና ቶርክ መፍቻ በሌለበት ጋራዥ የተከፈተ ኮፓ ከአሮጌው ብሮንዚን ይልቅ ያስፈራል።

እኔ የምፈራልህ የናፍጣ ፖምፓውን ነው። የ85ቱ ሞተር በአብዛኛው ደልፊ የተባለ ኩባንያ የሠራውን ነው የሚጠቀመው፤ ፖምፓው ላይ ያለውን ጽሑፍ አይተህ አረጋግጥ። ይህ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ የገባበት የጀሪካን ናፍጣ ሲሰጠው ብረቱ ይፋቃል፣ ብናኙ ወደ ሬይሉ (ናፍጣ አከፋፋዩ ቧንቧ) እና ወደ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት) ይሄዳል። እዚያ ከደረሰ ፖምፓ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ኢንጀክተር፣ ሬይል፣ ቧንቧ ሁሉ ይቀየራል፣ ታንከሩም ይታጠባል። አዲስ ኢንጀክተር ላይ የተጻፈው ኮድም ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት።

ስለዚህ የናፍጣ ፊልትሮውን በየ10,000 ቀይር። ከአሮጌው የወጣውን ናፍጣ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሰህ ፀሐይ ላይ ዘንበል ቀና አድርገው፤ እንደ ብር ዱቄት የሚያንጸባርቅ ካለ መንዳት አቁም። ከታች የተለየ ጠብታ ከተንከባለለ ውሃ ነው። አዲሱን ስትገጥም በመስመሩ ላይ ያለችውን የላስቲክ የእጅ ፖምፓ ጠንክራ እስክትመልስህ ጭመቃት። አየሩ ሳይወጣ በሞተሪኖ ደጋግሞ ማስነሳት ፖምፓውን በደረቁ ማዞር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የራዲያተሩን መጠባበቂያ ክዳን አትናቅ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሞተሩ የሚሠራውም እዚያው አካባቢ ነው። ግፊት የማይይዝ ክዳን ካለህ ዳገቱ ላይ ያፈላብሃል። ባዶ ውሃ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ ኩላንት አድርግ።

የጠባሴው

እግዜር ይስጥልኝ። ሞተር ጠፍቶ ሁለቱ ንባቦች 718 እና 722 ናቸው። በሳሙናው ኢንተርኩለሩ ታችኛው ቱቦ ክላምፑ ሥር አረፋ አወጣ፤ ተቀይሮ ጥቁር ጭሱም ፉጨቱም ጠፋ። ሳህኑ ላይ የሚያንጸባርቅ የለም፣ ሁለት ጠብታ ውሃ ግን ነበር። የጠዋቱ አለመነሳትና ነጭ ጭስ ቀርቷል። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ በመልቲሜትር ሲለኩ 1ኛውና 3ኛው 0.7 ኦም፣ 2ኛውና 4ኛው ምንም አያነቡም።

ሚሊባር

እንግዲያው ሁለቱ ሞተዋል፤ ሳሳ ያለ አየር ሲታመቅ የሚሞቀውም ያነሰ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ላይ በሁለት ካንዴላ አይነሳም። አራቱንም ቀይር። አፈታቱ ላይ ግን አትቸኩል፣ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን የላይኛ ክዳን) ማውረድ ይመጣል። ማታ ዙሪያውን በአየር አጽዳና ዝገት ፈቺ ርጭበት። በማግስቱ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሞክረው። 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ላለው ካንዴላ ከ35 ኒውተን ሜትር በላይ አትጫነው። እምቢ ካለ ሩብ ዙር አጥብቀህ መልሰህ ፍታ፣ እንደገና ርጭ፣ እንደገና አሙቅ። አዲሱን በእጅ አስገብተህ በ15 ኒውተን ሜትር እሰረው። ባትሪውንም ሲነሳ ለካ፤ ሞተሪኖው እያዞረ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ካንዴላ ብቻውን አይበቃውም።