የሚያረፍዱ ልጆቼን ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ ውስጥ የ3ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

ሰልፍ ጠዋት 1፡45 ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በር ዘግቶ ይመልሳቸዋል። ይሄ ነው ያልገባኝ። ትንሽ ያረፈደ ልጅ ሙሉ ቀን ይቀራል። በማግስቱም "ዛሬም ከመለሱኝስ?" ብሎ ጭራሽ ከቤት አይወጣም።

ምክንያታቸው አንድ አይደለም። አንዷ እናቷ ቀፊራ ገበያ አትክልት ስለምትቸረችር፣ ታናሽ ወንድሟን ለጎረቤት አስረክባ ነው የምትመጣው። ሌሎቹ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ናቸው። በደረቁ ጊዜ አሸዋውን አቋርጠው ይመጣሉ። ደመና ከታየ ግን ወላጅ አይለቅም። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። ሙቀቱም አለ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ እንቅልፍ የሚወስደው ሊነጋጋ ሲል ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ማለት ይከብደኛል።

በሰዓቱ ለሚመጡ ደብተርና እርሳስ መሸለም ሞክሬያለሁ። የሚሸለሙት ግን ድሮም የማያረፍዱት ሆኑ። ወላጅ ስጠራም የሚመጣው የእነዚያው የጎበዞቹ ወላጅ ነው!

እናንተ ጋ ምን አዋጣ? በተለይ ልጅ ከበር ሳይመልስ ማርፈድን የቀነሰ ትምህርት ቤት ካለ እንዴት እንዳደረገው በዝርዝር ንገሩኝ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ባዶ እጄን መግባት አልፈልግም። ወንድሟን ለምትጠብቀው ልጅስ ምን ይደረግ?