ጅማ አባ ጅፋር ለመመለስ ማንን ያስፈርም? ጉልበት፣ ፍጥነት ወይስ ኳስ የሚችል?

የጊንጆ ልጅ፦ ሰላም ጎበዝ፣ ትናንት ቡና ላይ ጀምረን ያልጨረስነውን እዚህ ላምጣው። ክለባችን በ2014 ከፕሪሚየር ሊግ ከወረደ ጀምሮ ሁሉም ሰው እንመለስ ይላል ግን በምን አይነት ተጫዋች እንደምንመለስ ማንም ቁጭ ብሎ አይነጋገርም። የህዝብ ገንዘብ የሚገባበት ክለብ ነው፣ ስለዚህ ማን ይፈርም የሚለው የሁላችንም ጥያቄ ነው። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ፍጥነት እላለሁ፣ በተለይ ሁለቱ ክንፎችና ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች። ሌላው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የሂርማታው ነጋዴ፦ ልጄ ፍጥነት ብቻውን ምን ያደርጋል? በ2010 ገና ከታች ባደግንበት አመት ዋንጫ ስንወስድ እኔ ሜዳ ነበርኩ። ለኔ ያ ዋንጫ የእልህ ዋንጫ ነው። በ2011 ታህሳስ ደግሞ አል አህሊን የሚያክል ቡድን ግብፅ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎን መልሱን 1 ለ 0 ረታነው፣ በድምር 2 ለ 1 ወደቅን እንጂ አንገታችንን አልደፋንም። አል አህሊን በአብዶ አይደለም የሚያሸንፉት፣ ሸርተቴ የሚወርድ፣ ተመትቶ የሚነሳ፣ 90ኛው ደቂቃ ላይም ኳስ የሚነጥቅ ልጅ ስላለህ ነው። መጀመሪያ ወኔ ይፈተሽ።

አጂፕ ሰፈር፦ ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ግማሹን ነው የነገሩን። የ2010 ቡድን ፊት ላይ ኦኪኪ አፎላቢ ነበረው፣ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ፣ በረኛው ደግሞ ዳንኤል አጄይ። ሁለቱም ጎል አፍ ላይ ምርጥ ሰው አለህ ማለት ነው፣ መሀል ያለው እልህ ዋጋ ያገኘው በነሱ ነው። አሰልጣኙ ገብረመድህን ሀይሌም በሚቀጥለው አመት መቀሌ 70 እንደርታን ይዞ ዋንጫ ወሰደ እኮ፣ በሌላ ከተማ በሌላ ልጆች። አገጣጠሙን የሚያውቅ ሰው ነው ወሳኙ ወላሂ።

ኤድመንተን ያለሁት፦ ከሩቅ፣ ከካናዳ ልግባ። እዚህ ያለው የበረዶ ሆኪ ነው፣ ክርክሩ ግን ቁርጥ የእናንተው ነው። የከተማችን ቡድን ኦይለርስ ኮነር ማክዴቪድና ሊዮን ድራይሳይትል አሉት፣ በችሎታም በፍጥነትም እነዚህን የሚያክል ጥንድ አላየሁም። በፈረንጆቹ 2024 እና 2025 ሁለቴ ተከታትሎ የሊጉ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፣ ሁለቴም በፍሎሪዳ ፓንተርስ ተሸነፈ፣ መጀመሪያ በ7 ጨዋታ ከዚያ በ6 (እዚህ ፍጻሜው አንድ ጨዋታ አይደለም፣ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ነው የሚወስደው)። ፍሎሪዳዎች የሚገፉ፣ ጎል አፍ ላይ ቆመው የሚደበደቡ፣ አላስተነፍስ የሚሉ ናቸው፣ ግን ኳስ የማይችሉ እንዳይመስላችሁ (ኳስ ስል ያቺን የጎማ ክብ ማለቴ ነው)። የ2025 የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፉ) ኮከብ፣ የፍሎሪዳው ሳም ቤኔት ገፊም ነው ጎል አግቢም ነው። ስለዚህ የሂርማታው ጋሼ እውነት አላቸው።

የመንደራዋ፦ ወንድሜ ምሳሌህ ደስ ይላል ግን እኛ ጋ አይሰራም። ሆኪ ተጫዋቹ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ወጥቶ ሌላው ይገባል፣ አራት የአጥቂ ምድብ አላቸው፣ አንዱን ምድብ ለጉልበት ብቻ ቢመድቡት የሚከፍሉት ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ አምስት ተቀያሪ ነው ያለን፣ የወጣ አይመለስም። ጉልበት እንጂ ኳስ የማያውቅ አማካይ ካሰለፍክ ሙሉ 90 ደቂቃ ትሸከመዋለህ፣ ቢጫ ካየ ደግሞ ያው የመጣበትን ስራ ራሱ ፈርቶ ይተወዋል።

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ ታዳጊ ስለማሰለጥን የማየውን ልናገር። አንድ የ14 አመት ልጅ አለኝ፣ ሜዳችን ወጣ ገባ ነው፣ ዝናብ ሲመታው መሀሉ ጭቃ ዳሩ ሳር ይሆናል፣ ኳሷ የት እንደምትነጥር አይታወቅም። ይሄ ልጅ ኳስ ሳትደርሰው በፊት በትከሻው ዞር ብሎ ኋላውን ያያል፣ ከዚያ በውጪ እግሩ ነካ አድርጎ ሲዞር ተከላካዩ የቆመበት ይቀራል። ማንም አላስተማረውም፣ ያ ሜዳ ነው ያስተማረው። ሙከራ ወሰድኩት፣ የሚመርጠው ሰውዬ ቀጭን ነው ብሎ ኳስ ሁለቴ ሳይነካ መለሰው። ጉልበት እኮ በምግብና በስራ በሁለት አመት ይመጣል፣ ያ ዞር ብሎ ማየት ግን በ22 አመቱ ብትነግረው አይገባውም። መጀመሪያ ለፈረጠመው ቦታ የሚሰጥ ክለብ ሁልጊዜ ከሌላ ከተማ ገዝቶ ነው የሚኖረው።

የሂርማታው ነጋዴ፦ ልጁን መመለሳቸው አሳዝኖኛል፣ ግን የሁለት አመት ምግብ ማን ያበላው? ክለቡ ዘንድሮ ነው ነጥብ የሚፈልገው።

የጊንጆ ልጅ፦ ጋሼ እዚህ ላይ ነው የኔ ነጥብ። ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ነው የሚካሄደው፣ ያን አመት እኛም ጋ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ተጫውተዋል። ይሄ ሁሉን ነገር ቀይሮታል። እርስዎ የሚሉት እልህ ግማሹ ከደጋፊ ነበር የሚመጣው፣ ዛሬ ግን ብዙውን ጨዋታ ሌላ ከተማ ሆቴል አድረህ፣ በቀናት ልዩነት፣ ያንተ ሰው በሌለበት ነው የምትጫወተው። በሸርተቴና በግፊያ የሚኖር ቡድን ሶስተኛው ጨዋታ ላይ እግሩ ያልቃል፣ ግማሹ ጉዳት ግማሹ ቅጣት። መልሶ ማጥቃት ላይ ሁለት ፈጣን ክንፍ ካለህ ግን ሳትደክም ጎል ታገባለህ፣ ቀሪውን ሰአት ታርፋለህ። እልህ አያስፈልግም አላልኩም፣ መሀል ተከላካይና ስድስት ቁጥር (ተከላካይ አማካዩ) ላይ ይሁን፣ ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች ይበቃሉ፣ ለነሱም ጥሩ ይከፈላቸው።

አጂፕ ሰፈር፦ አጥቂውስ? ከዝውውር ብር ትልቁ እሱ ላይ መውጣት አለበት፣ እዚህ አልስማማም። ፈጣን ክንፍ አሻምቶ የሚያገባ ከሌለ ምንድነው ትርጉሙ።

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ አጥቂውን ግዙ፣ ስድስት ቁጥሩንም ግዙ፣ ስምንት ቁጥርና አስር ቁጥር፣ ኳስ የሚያቀብሉትና የሚፈጥሩት አማካዮች ግን ከዚሁ ከተማ ይሁኑ። ከ25 ተጫዋች አምስቱ የሰፈር ልጅ ይሁን ነው የምለው፣ ስም ማሟያ አይደለም፣ በየጨዋታው ደቂቃ ያላቸው።

የሂርማታው ነጋዴ፦ አምስቱን እቀበላለሁ። ግን አምበሉ ከሁለቱ ጠንካሮች አንዱ ካልሆነ ከዚህ ክርክር አልወጣም፣ ነገ ከአስር ሰአት በኋላ ቡናው ጋ ነኝ።