ድንጋይ የተሸከመ ልጅ ባንዳ ነው?

አዘዞ፦ ቅዳሜ በንባብ ምሽታችን የተባለው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በተነበበው ረቂቅ ልብ ወለድ ውስጥ ጣሊያን መጋቢት 23 ቀን 1928 ጎንደር ሲገባ ልጁ 14 ዓመቱ ነው። አባቱ ዱር ገብቷል፤ እሱ በሊማሊሞ መንገድ ሥራ ላይ ተሰማርቷል። «ለጣሊያን ድንጋይ የተሸከመ ጀግና አይሆንም» ተባለ! እናቱና እህቱ ምን ይብሉ?

የአራዳ ልጅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽገውም። በዚያ መንገድ የተጓዘው መድፍ ነው። አያቴ በበየዳ ዋሻ ቆሎ ቆርጥመው ተዋግተዋል። ለልጆቻችን አርአያ ጠፍቶ ነው?

መምህርት፦ «ድንጋይ የተሸከመ» ስትል የውስጥ አርበኞችን የት ታደርጋቸዋለህ? እነሱም ጠላት ቤት እየሠሩ ነው ወሬና ጥይት ያወጡት። ልጁ ጥይቱን በበሶ ስልቻ ቀብሮ ሲልክ፣ ኬላው ላይ እንዳይጠረጠር ጣቱ ላይ የቀረውን ዱቄት ሲልስ አልሰማህም?

የአራዳ ልጅ፦ ሰምቻለሁ። ጥይቱን ልኳል፤ ድንጋዩንም ተሸክሟል። አንዱ ሌላውን ያጥበዋል?

ጨጨላ፦ ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን በሠራው በረንዳ ቡና እየጠጣን ይህን ልጅ መውቀስ ይከብደኛል።

አዘዞ፦ «ጣሊያን ሠራው» አትበለኝ! ያቀደው ጣሊያን ቢሆን ድንጋዩ በማን ትከሻ ወጣ? የፒያሳውን ፖስታ ቤት አይቶ ስለ ተሸካሚው የሚጠይቅ የለም።

ጨጨላ፦ ፖስታ ቤቱን ማን አነሳ? እኔ ስለ ቡና ነው የተናገርኩት።

መምህርት፦ ዘመኑንም አስቡ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ስትደሰት ጎንደር ገና በጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። የጣሊያን ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር ተሰብሮ ከተማዋ የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ልጁ በወረራው ውስጥ አደገ፤ ጢም አወጣ። ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ሳይሠራ ይጠብቅ?

የአራዳ ልጅ፦ ዱር የገባ የእሱ እኩያ አልነበረም?

አዘዞ፦ ነበር። እናቱን ማን ይጠብቃት ነበር?

የአራዳ ልጅ፦ የአያቴንም እናት የጠበቃት አልነበረም። ጥይቱ ከአባቱ እጅ መድረሱን ደራሲው ካሳየኝ አነበዋለሁ። ድንጋዩን ግን አልረሳለትም።

መምህርት፦ እሱም አልረሳው። ምዕራፍ 6 ላይ እናቱ የተላጠ ትከሻውን ቅቤ ስትቀባው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ለምን ይመስልሃል?