የአራት ዓመት ተኩል ልጄን «ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) ሊኖርበት ይችላል» አሉኝ፤ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የኮዬ ፈጬ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ልጄ ኬጂ ከገባ ሁለት ወሩ ነው። መምህርቷ «አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ ስጠራው አይሰማኝም፤ ኤዲኤችዲ እንዳይሆን አሳዪው» አለችኝ። እናቴ «ወንድ ልጅ ነው፣ ተይው» ትላለች። ጎረቤቴ ጸበል ውሰጂው አለችኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ሥራ ስለምውል ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሠራተኛዋ ጋር በር ተዘግቶበት ነው የሚቆየው። በዚህ ዕድሜ ይታወቃል? የደም ምርመራ ነው ወይስ ራጅ?

መልስ፦ የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ለገጣፎ
አይዞሽ እህቴ። በደምም በራጅም አይታወቅም። ሐኪሙ የሚመረምረው ልጁን አይቶ፣ አንቺንም መምህርቷንም ጠይቆ ነው። ከ4 ዓመት ጀምሮ መመርመር ይቻላል፤ ግን በዚህ ዕድሜ ጤነኛውም ልጅ ስለሚቅበጠበጥ መለየቱ ይከብዳል። ዋናው ነገር ከእኩዮቹ በጣም የባሰ መሆኑ፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱ፣ ኑሮውንም ማወኩ ነው። ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ኬጂ ከገባ ሁለት ወሩ የሆነ ልጅ ደግሞ ገና እየለመደ ነው።

ቢገኝበት እንኳ በዚህ ዕድሜ የሚቀድመው መድኃኒት አይደለም፤ የወላጅ ሥልጠና ነው። አንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ፣ በአጭሩ። ሲታዘዝ እዚያው ማመስገን። የመብላትና የመተኛት ሰዓቱን አለመቀያየር።

መልስ፦ የሰበታ አባት
«ስጠራው አይሰማኝም» ያልሽው ላይ ልቤ ቀረ። የእኔም ልጅ እንደዚሁ ተብሎ ነበር። ሲመረመር ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ሳናውቅ ስንቆጣው መኖራችን ዛሬም ያንገበግበኛል። እባክሽ መጀመሪያ ጆሮውን አሳዪ። ሌሊትስ ያንኮራፋል?

መልስ፦ የኬጂ መምህርት፣ ገላን
በክፍሉ ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው? ወራት የሚበልጡት ልጆች መሃል ያለ ትንሽ ልጅ ብዙ ጊዜ ቅብጥብጥ ይመስላል። መምህርቷን የምታየውን በጽሑፍ ስጪኝ በያት፤ መቼ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ሲሠራ። «ያስቸግራል» የሚል ቃል ለሐኪም አይጠቅምም።

የኮዬ ፈጬ እናት
አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ያንኮራፋል! ጉንፋን እየመሰለኝ ዝም ብዬ ነበር። ክፍሉ ውስጥም ትንሹ እሱ ነው። ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።

የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ለገጣፎ
ጥሩ። ማንኮራፋቱን በስልክሽ ቅጂ። ቶንሲልና ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ዕጢ አብጦ እንቅልፍ የሚነሳው ልጅ ቀን ላይ እንቅልፋም ከመሆን ይልቅ የሚቅበጠበጥበት ጊዜ አለ። የደም ማነስም ይታይለት። ሪፈር ስታጽፊ ጆሮና ጉሮሮው እንዲታይ ተናገሪ። ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ቢጽፉልሽም አትሸማቀቂ፤ ልጅን ማሳየት ነውር የለውም። እስከዚያው ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ግቢ ውስጥ ይሩጥ። ከትምህርት ቤት መልስ በር ተዘግቶበት የሚቆይ ልጅ ነው።